ሳላያቸው ያስተማሩኝ፦ ፕሮፌሰር ሺላ ሼርሎክ

የመጽሔቱ አዘጋጆች ለዘንድሮው የመገናኛ በዓላችን እያንዳንዳችን ስለ አንድ ባለውለታችን ሁለት ሦስት ገጽ እንድንጽፍ ሲጠይቁን፣ አብዛኞቻችሁ ያስተማሩንን መምህራን እንደምታነሱ ገመትኩ። ተገቢም ነው። እኔ ግን ፊታቸውን አይቼ፣ ድምፃቸውን ሰምቼ ስለማላውቅ አንዲት የእንግሊዝ ሐኪም ልጽፍ ነው። የራሳችን ሰው ጠፍቶ ነው ወይ የሚለኝ አይጠፋም። አልጠፋም፤ የራሳችንም ሰው በመሃል ይመጣል። ታገሡኝ ብቻ።

ነገሩን ከአራዳ ልጀምር፤ ያደግሁት እዚያ ነውና። ቤታችን ከዶሮ ማነቂያ ጀርባ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሁላችንም እታለም እያልን የምንጠራት ጎረቤታችን ታመመች። እንጀራ እየጋገረች ለፒያሳ ምግብ ቤቶች የምታቀርብ ጠንካራ ሴት ነበረች። የሰባት ወር እርጉዝም ነበረች። መጀመሪያ ምግብ አስጠላት፣ አስመለሳት፤ ከዚያ ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቆረ፤ በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የግቢው ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ። የሌሊት ወፍ በላይዋ በርሮባት ይሆናል ተባለ። መድኃኒቱን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ተጠርተው የተወቀጠ ቅጠል አጠጧት። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስትለፈልፍ አደረች፤ የገዛ እናቷን መለየት ተሳናት። በማግስቱ እንቅልፍ ጣላት፤ በቃ፣ ከእንቅልፉ አልተመለሰችም። ከታመመችበት ቀን እስከ ቀብሯ ሁለት ሳምንት አልሞላም። ጉበት የሚባል ነገር በዚያ ሁሉ መሃል አንድም ሰው አላነሳም።

ሁለተኛው ታሪክ የራሴ ጥፋት ነው። ለክፍል ጓደኞቼም አውርቼው አላውቅም። ኢንተርን ሳለሁ፣ በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ዓይኑ እንደ እርድ የቢጫ የሆነ ወጣት ይጮሃል፣ ግሉኮሱን ከክንዱ ይነቅላል፣ አልጋው ላይ ይቆማል። ሌሎቹ በሽተኞች መተኛት አልቻሉም። አስታማሚው ወንድሙ አልቅሶ አንድ ነገር አድርግለት አለኝ። እኔም ዲያዜፓም በመርፌ አዘዝኩ። ልጁ ጸጥ አለ። ወንድሙ እጄን ይዞ መረቀኝ። ሲነጋ ልጁ አልነቃም፤ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ሌሊት የሰጠሁትን ያነበቡት ሐኪም ዝም ብለው አዩኝ፤ ቁጣ አልተናገሩም። ምናልባት ያለ መርፌውም ይሞት ነበር። ይህን ለራሴ አርባ ዓመት ስነግረው ኖሬያለሁ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው መጽሐፉን የገዛሁት። ፒያሳ፣ ከማህሙድ ሙዚቃ ቤት ወረድ ብሎ፣ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ነበር። ከሩሲያ ልብ ወለዶችና ከአሮጌ መጽሔቶች መሃል ስለ ጉበትና ስለ ሐሞት ቱቦ በሽታዎች የተጻፈ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አምስተኛው እትም ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ስም የነበረበት ገጽ ተቀዶ ወጥቷል። ሠላሳ ብር ከፈልኩ። ለኢንተርን ቀላል ገንዘብ አልነበረም። እዚያው ቆሜ ስለ ጉበት ሰመመን የሚያወራውን ምዕራፍ ገለጥኩ። የጉበት በሽተኛን ወደ ሰመመን የሚገፉ ነገሮች ተዘርዝረዋል፦ የሆድ ውስጥ መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ ከመጠን ያለፈ የሽንት መድኃኒት፣ የሆድ ድርቀት፤ ከእነዚህም ጋር የሚያስተኛ መድኃኒት። ያ መስመር አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የመጽሐፉ ደራሲ ሺላ ሼርሎክ ይባላሉ።

መጋቢት 22 ቀን 1910 ዓ.ም. ደብሊን ተወለዱ፤ በእነሱ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1918 መሆኑ ነው። ቤተሰባቸው ብዙም ሳይቆይ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ፎክስቶን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ኖረ። ሕክምና ለመማር ሲያመለክቱ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች አልተቀበሏቸውም፤ ለሴት የተተወው ቦታ በጣት የሚቆጠር ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1936 የስኮትላንዱ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላቸው። ኤድንብራ እ.ኤ.አ. በ1869 ሴቶችን ለሕክምና ትምህርት መዝግቦ፣ በኋላ ግን ዲግሪ የከለከለ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን ስናስታውስ ነገሩ ያስገርማል። ከዚያ ወዲህ ስልሳ ምናምን ዓመት አልፏል፤ በሩ ተከፍቷል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ሼርሎክ እ.ኤ.አ. በ1941 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ። አንደኛ የወጣ ወንድ ቢሆን ኖሮ የሚሰጠው የሆስፒታል ሥራ ግን ሴት ስለሆኑ አልተሰጣቸውም። የቀዶ ሕክምናው ፕሮፌሰር ጄምስ ሊርመንዝ ረዳታቸው አድርገው ወሰዷቸው፤ ምርምር እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚጻፍ የተማሩት ከእሳቸው ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከእኛ ክፍል አንደኛ ይወጡ የነበሩት ሴቶች እንዴት ያለ ምደባ እንደ ደረሳቸው የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ወደ ታሪኩ ልመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1942 ለንደን ሀመርስሚዝ ሆስፒታል፣ ጆን ማክማይክል ዘንድ ተቀጠሩ። ዓለም በጦርነት ላይ ነው፤ የወታደሮች ቢጫ መሆን ደግሞ የጦር አዛዦችን ጭምር ያስጨነቀ ጉዳይ ነበር። አንዳንዱ በወረርሽኝ መልክ ይመጣል። አንዳንዱ የቂጥኝ መድኃኒት የነበረውን አርሴኒክ በመርፌ ከወሰዱ በኋላ ይነሳል። ሌላው ደግሞ የሰው ደም ፈሳሽ የተጨመረበት የቢጫ ወባ ክትባት የተከተቡትን ይይዛል። ሦስቱ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ? ጉበቱ ላይ የሚያደርሱት ጉዳትስ ምን ይመስላል?

እስከዚያ ድረስ ሐኪም ጉበትን የሚያውቀው ከሬሳ ነበር። ጉበት ደግሞ ሰው በሞተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ራሱን መፍጨት ይጀምራል፤ ስለዚህ በማጉያ መነጽር የሚታየው ግማሹ በሽታ፣ ግማሹ የሞት ሥራ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ ሁለት ዴንማርካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1939 በቀጭን መርፌ በጎን በኩል ገብተው ከሕያው ሰው ጉበት ላይ ቁራጭ የመውሰድ ዘዴ አሳትመው ነበር። ሼርሎክ፣ ማክማይክልና የሥነ ደዌው ሐኪም ዲብል ያንን ይዘው ቢጫ በሆኑ በሽተኞች ላይ ሠሩበት፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1943 አሳተሙ። ሦስቱም ዓይነት ቢጫነት በጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ ተመሳሳይ መሆኑን አሳዩ። ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፦ በሽታው የተሻለው ሰው ጉበት በሳምንታት ውስጥ ተጠግኖ፣ ብዙ ጊዜ ጠባሳ እንኳ ሳይተው ወደ ነበረበት ሲመለስ በዓይናቸው አዩ። ጉበት ተቆርጦም፣ ተቃጥሎም መልሶ የሚበቅል አካል ነው። እታለምን የገደላት ጉበቷ መዳን የማይችል ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ እስኪበቅል ድረስ በሕይወት የሚያቆያት አለመኖሩ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሥራ ያለ ነቀፌታ አላለፈም። መርፌው ሊያደማ ይችላል፤ በሽተኛውም ምን እንደሚደረግበት ዛሬ በምንጠይቀው መጠን አይነገረውም ነበር። ሞሪስ ፓፕዎርዝ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ በሀመርስሚዝና በሌሎችም ሆስፒታሎች በበሽተኞች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ክፉኛ ተቸ። እኔ ፓፕዎርዝ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ሼርሎክን ስላከበርኩ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከነዚያ በሽተኞች የተገኘው እውቀት ግን ዛሬ በየአልጋው ላይ አለ፤ ባለ ዕዳዎቹ እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድገታቸው ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ከኤድንብራ በወርቅ ሜዳልያ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አጸደቁ። በ1947 በሮክፌለር ድጋፍ አሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በ1948፣ ገና በሠላሳ ዓመታቸው፣ በሀመርስሚዝ ሙሉ ስፔሻሊስት ሆኑ። በ1951 የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ አባል አድርጎ ሲመርጣቸው ከሴቶች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ጄራንት ጄምስ የተባለውን ሐኪም አገቡ። ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ከሥራ ውጭ ቴኒስና ክሪኬት ይወዳሉ ይባላል።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት የሚወስደውን ሥራ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1954 ከሰመርስኪል፣ ከኋይትና ከፊር ጋር ሆነው በጉበት በሽታ ምክንያት አእምሮ የሚታወክበትን መንገድ በዝርዝር ጻፉ። ነገርየው እንዲህ ነው። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የምንበላውን ሥጋና ሌላ ፕሮቲን ሲሰባብሩ አሞኒያንና የመሳሰሉትን መርዛማ ነገሮች ያወጣሉ። ከአንጀት የሚመለሰው ደም መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያልፋል፤ ጉበት እንደ ጉምሩክ ነው፣ መርዙን ይይዘዋል። ጉበቱ ሥራ ካቆመ፣ ወይም ደሙ ጉበቱን አልፎ በሌላ መንገድ ከሄደ፣ መርዙ በቀጥታ አንጎል ይደርሳል። ሰውየው መጀመሪያ ጠባዩ ይለወጣል፣ ቀንና ሌሊት ይገለባበጥበታል፣ ይቆጣል፣ ይጮሃል፤ ቀጥሎ ይፈዛል፤ ከዚያ ሰመመን ውስጥ ይገባል። የእኔ በሽተኛ ይጮህ የነበረው ልቡ ስለ ከፋ አይደለም፤ አንጎሉ እየተመረዘ ስለነበር ነው። እኔ ደግሞ የተመረዘውን አንጎል ሌላ የሚያደነዝዝ ነገር ጨመርኩበት።

ከዚህ እውቀት ሕክምና ወጣ። ምክንያቱን ፈልግና አስወግድ፤ አንጀቱን አጽዳ፤ ኒዮማይሲን ሰጥተህ ባክቴሪያውን ቀንስ፤ የሚያስተኛ መድኃኒት አትስጥ። በኋላ በ1960ዎቹ ላክቱሎስ መጣ፣ ዛሬም ድረስ አለ። ሁሉም ነገር ግን አልጸናም፤ የዚያን ጊዜ ሐኪሞች የበሽተኛውን ፕሮቲን በጣም ይቀንሱ ነበር፤ ዛሬ ግን በሽተኛውን ማስራብ ጡንቻውን ጨርሶ እንደሚጎዳው ስለታወቀ ያ ምክር ተሽሯል። የሼርሎክን መጽሐፍ እንደ ዳዊት የሚደግሙ ወጣት ሐኪሞች ይህን ልብ ይበሉ።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የአልጋ ዳር ምርመራቸውን ነው። በሽተኛው እጁን ዘርግቶ መዳፉን ቀና ሲያደርግ፣ የእጁ አንጓ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገበገባል። የእኛ ሰው የወፍ በሽታ ማለቱን ያን ጊዜ አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ መገጣጠሙ የአጋጣሚ ነው። ትንፋሹ ጣፋጭ የሚመስል ልዩ ሽታ አለው። በየቀኑ ስሙን እንዲጽፍ ይደረጋል፤ አእምሮው ሲፈዝ ጽሕፈቱ ይንጋደዳል፣ ሲነቃ ይስተካከላል፤ ወረቀቱ ከቻርቱ ጋር ይቀመጣል። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ እንዲሠራም ይጠየቃል። መጻፍ ለማይችሉ በሽተኞቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ አምስት ሳንቲም የማይፈጅ፣ በክብሪት እንጨት የሚሠራ ምርመራ። ኪሴ ውስጥ ክብሪት አይጠፋም ነበር፤ ሲጋራ የማጨስ የመሰላቸው ጓደኞቼ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1959 ሼርሎክ በለንደን የሮያል ፍሪ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በብሪታንያ ምድር ይህን ማዕረግ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሮያል ፍሪ ከጥንት ጀምሮ ሴት የሕክምና ተማሪዎችን ተቀብሎ ያስተማረ ሆስፒታል ስለሆነ ወንበሩ የት እንደሚገኝ ታሪክ ያወቀ ይመስላል። የጉበት ክፍላቸው ግን የቤተ መንግሥት ያህል አልነበረም፤ ከሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ የቆመ የእንጨት ቤት ነበር። ወደ ሃምፕስቴዱ አዲስ ሕንጻ እስኪዛወሩ እ.ኤ.አ. እስከ 1974 ድረስ የዓለም የጉበት ሐኪሞች ወደዚያ የእንጨት ቤት ይጎርፉ ነበር። እኛ ሕንጻ ጠበበን፣ መሣሪያ አነሰን እያልን ስናማርር ይህን የእንጨት ቤት እጠቅስ ስለነበር አንዳንድ ባልደረቦቼ ይሰለቹኝ ነበር። ተገቢ ነው፤ ለንደን ያለ እንጨት ቤትና የእኛ ክፍል አንድ አይደሉም።

እዚያ የሠሯቸው ሌሎች ሥራዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉን ብዘረዝር አንባቢው ይደክማል። ከሰውነት መከላከያ የሚመጣ የሐሞት ቱቦ በሽታን በደም ምርመራ መለየት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1965 ከእነ ዲቦራ ዶኒያክ ጋር በሠሩት ሥራ ነው። ሥር የሰደደ የጉበት ብግነት ያለባቸው በሽተኞች ፕሬድኒሶሎን ሲወስዱ ዕድሜያቸው እንደሚረዝም በ1971 አሳዩ። ከእሳቸው ዘንድ የሠራው ሮጀር ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1966 ወደ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ሄዶ፣ ጉበታቸው በድንገት ሥራ ያቆመ በሽተኞች በልዩ እንክብካቤ የሚታከሙበትን ክፍል አቋቋመ፤ ከቀዶ ሐኪሙ ሮይ ካልን ጋርም የጉበት ንቅለ ተከላን በእንግሊዝ አስጀመረ። መጽሐፉን ደግሞ ሼርሎክ ስምንት እትም ድረስ ለብቻቸው ጻፉት። አንድ ሰው ሙሉ የሕክምና ዘርፍን ብቻውን በአንድ መጽሐፍ ሲይዝ፣ ከእሳቸው በኋላ ማንም የሚደግመው አይመስለኝም። ተማሪዎቻቸውን ያስጨንቁ ነበር ይባላል፤ ፈጣንና ጥያቄ የሚያበዙ፣ ላልተዘጋጀ ሰው የማይራሩ። መጽሐፉን ያነበበ ይህንን ለማመን አይቸገርም፤ አንድም ትርፍ ቃል የለበትም።

ድንገተኛ የጉበት ሥራ ማቆም የሚለው ስም መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ከዚያ በፊት ጤነኛ የነበረ ሰው ከታመመ በስምንት ሳምንት ውስጥ አእምሮው ሲታወክ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ዋናው ምክንያት በኋላ ፓራሲታሞል በብዛት መዋጥ ሆነ። የእኛ አገሩ ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የራሳችን ሰው የሚገባው።

ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በጥቁር አንበሳ የውስጥ ደዌን ያስተማሩ፣ የጉበት በሽታን በአገራችን ከማንም ቀድመው በሥርዓት ያጠኑ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 በእርግዝና ጊዜ ስለሚይዝ የጉበት ብግነት በኢትዮጵያ ምን እንደሚመስል ጽፈው ነበር። ከዓመታት በኋላ ከስዊድንና ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ በሰሜን ኢትዮጵያ በወታደሮች መሃል የተነሳው ወረርሽኝ ሄፓታይተስ ኢ መሆኑን፣ በነፍሰ ጡሮቻችንም ላይ የሚጸናው ይኸው ቫይረስ መሆኑን አሳተሙ። ቫይረሱን እ.ኤ.አ. በ1983 በማጉያ መነጽር ያየው ሩሲያዊው ባላያን ነው፤ ከበሽተኞች ሰገራ የተዘጋጀ ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ ታሞ ነው ያገኘው። የሚተላለፈው በተበከለ ውኃ ነው። ሌላውን ሰው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሳምንት አስተኝቶ ይለቀዋል። ነፍሰ ጡርን በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ሲይዝ ግን ከመቶ ከ20 እስከ 25 ያህሉን ሊገድል ይችላል። ለምን በነፍሰ ጡር ላይ እንደሚጸና እስካሁን አጥጋቢ መልስ የለም።

ይህን ሳነብ የግቢያችን ቧንቧ ትዝ አለኝ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ፣ በመሃላቸው አሥር እርምጃ። በእርግጥ እታለምን የገደላት ይህ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ደሟን የመረመረው የለም። ግን የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች።

በ1982 ዓ.ም. ክረምት ላይ፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻላይዜሽን ላይ ሳለሁ፣ ከሠራተኛ ሰፈር አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በባሏና በወንድሟ ተደግፋ መጣች። የስምንት ወር እርጉዝ፣ ዓይኗ ቢጫ፣ ቃሏ የተንዛዛ። ባሏ በሌሊት ስትጮህ እንደነበር ነገረኝ፤ ጎረቤት የሚያስተኛ ክኒን አምጥቶ እንደነበር፣ እሷ ግን እንደተፋችው ነገረኝ። እግዚአብሔር ይስጣት መትፋቷ። ሦስት ክብሪት ብቻ አቀናብራ ሌላውን መሬት ጣለችው።

ምን ነበረን? ንቅለ ተከላ የለም። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። የነበረን ግሉኮስ፣ ላክቱሎስ፣ አንቲባዮቲክ፣ ቫይታሚን ኬና የሚነቃ ሰው ነው። ጉበት ስኳር ማስቀመጡን ስለሚያቆም በሽተኛው በደም ስኳር ማነስ ብቻ ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ስኳሯን ለካን፤ ሌሊትም ጭምር። አንጎል እንዳያብጥ ጭንቅላቷን ከፍ አድርገን አስተኛናት። በአፍንጫዋ ቱቦ ላክቱሎስ ሰጠናት። ማንም፣ ምንም ቢሆን፣ የሚያስተኛ መርፌ እንዳያዝዝ በቻርቷ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ምጥ መጣ። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ደሟ አልረጋ አለ፤ ጉበት ነው ደም የሚያረጋውን ነገር የሚሠራውና። ወንድሟ ከሚሠራበት የብረት ሥራ ጋራዥ ጓደኞቹን ይዞ መጣ፤ እጃቸው ግራሶ እንደለበሰ ለደም ሲሰለፉ አይቻለሁ። ሌሊቱን ሲስተሮቹ ወንበር ላይ አልተቀመጡም።

አራተኛውና አምስተኛው ቀን ሰመመን ውስጥ ነበረች። ልንገራችሁ፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የባሏን ስም ጠራች። በስምንተኛው ቀን ክብሪቱን ሰጠኋት። ቀስ እያለች፣ አንዷን ጫፍ አጣምማ፣ ኮከብ ሠራች። ከዚያ ልጄስ ብላ ጠየቀችኝ። ያንን የመለስኩት እኔ አይደለሁም፤ ከአጠገቤ የነበሩት አሮጊት ሲስተር ናቸው፤ አልጋዋ ላይ ተቀመጡና እጇን ይዘው፣ ልጄ እያሉ በቀስታ ነገሯት። እኔ መስኮቱን ሳይ ነበር።

ሼርሎክ እ.ኤ.አ. በ1978 ዴም የተባለውን የክብር ማዕረግ ተቀበሉ፣ በ1983 ከፕሮፌሰርነት ወንበራቸው በጡረታ ወረዱ፤ በሽተኛ ማየቱንና መጻፉን ግን አልተዉም። የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ የመረጣቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው! ለዚያን ያህል ሥራ ምን እንደጠበቁ አላውቅም። በዚያው ዓመት፣ የጋብቻቸው ሃምሳኛ ዓመት በደፈነ በሁለት ሳምንቱ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1994 ዓ.ም. በሳንባ በሽታ ለንደን ውስጥ አረፉ።

ዛሬ ለሄፓታይተስ ኢ ክትባት አለ፤ ቻይና ውስጥ ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በቤንቲዩ መጠለያ ለነፍሰ ጡሮችም ጭምር ተሰጥቷል። በእኛም ጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ በሽታው እ.ኤ.አ. በ2014 ተነስቶ ነበር። የፋኩልቲው ወጣት መምህራን ይህን ጉዳይ የያዘ ካለ በበዓሉ ላይ ቢፈልገኝ ደስ ይለኛል፤ የድሮ የታማሚ መዝገቦች ማስታወሻ በእጄ አለ።

የዶሮ ማነቂያው ግቢያችን በ2016 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። ባለፈው ወር በዚያ አልፌ ቧንቧው የነበረበትን ቦታ ለልጄ ላሳየው ብሞክር መለየት አቃተኝ።

መጽሐፉን በተመለከተ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በ1985 ዓ.ም. ግድም ከክፍላችን ልጆች አንዱ ለአንድ ሳምንት ብሎ ተውሶኝ ወስዶታል። ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። የፊት ገጹ የተቀደደ፣ ገጹ ላይ የሻማ ሰም የነጠበበት ነው። ለበዓሉ ስትመጣ ይዘህልኝ ና፤ ቅጣት አላስከፍልህም።